«ይበላል እኮ!» እና የነብሮ ጥርስ

አንዲት አንባቢ ስለ ድመቷ የላከችልኝ ደብዳቤ ረጅም ስለነበር ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ነብሮ የሚባል የ9 ዓመት ወንድ ድመት አለን። ከጥቂት ወራት ወዲህ አፉ ይሸታል። መጀመሪያ ዓሣ በልቶ ነው ብለን ነበር። አሁን ግን ሶፋ ላይ አጠገቤ ሲተኛ ፊቴን አዞራለሁ። ለሃጩም ይዝረበረባል። ምግብ ሳቀርብለት እየሮጠ ይመጣል፣ አንዴ ይጎርሳል፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ ‹ፍሽሽ› ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። ትንሽ ቆይቶ ግን ተመልሶ ይበላል። ሁለት ጊዜ ወስጄ መርፌ አስወጋሁት። ለሁለት ሳምንት ደህና ይሆንና ይመለስበታል። አሁን ሌላ ሐኪም አየውና ‹አንዳንድ ጥርሶቹ መነቀል አለባቸው፣ በሙሉ ሰመመን ነው› አለኝ። ፈራሁ። ባለቤቴ ‹ይበላል እኮ! ምን ሆነ?› ይላል። አማቴ ደግሞ ቅርንፉድ ወቅጠሽ ድዱ ላይ አድርጊለት፣ ካልሆነ ግማሽ ፓራሲታሞል ስጪው ይላሉ። እኔ በኮልጌት ላጥበው ብዬ ነበር። በዚህ ዕድሜው ሰመመኑ አይገድለውም? ጥርስ ከሌለውስ ምን ይበላል? የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ ተከትቧል። ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የነብሮ እናት ነኝ።»

የነብሮ እናት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ወደ ሌላው ከመሄዴ በፊት ያቺን ፓራሲታሞል ወደ ነበረችበት መልሻት። አማትሽ በክፋት አላሉትም። እኛን የሚያሽለን ድመቱንም ያሽለዋል ብለው ነው። ችግሩ የድመት ጉበት እንደ እኛ ጉበት አለመሆኑ ነው። እኛ ፓራሲታሞልን አክሽፈን የምናስወጣበት መንገድ ድመት ላይ እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ወደ መርዝ ይለወጣል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን አንድ ድመት ለመግደል ይበቃል። ግማሹም ቢሆን «ትንሽ ነው» የሚባል አይደለም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፊንም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይቆዩ። እነሱ ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት ላይ ነው የሚመጡት። ከእነዚህ አንዱን የዋጠች ድመት ካለች «እስኪ እስከ ነገ እንያት» አይባልም። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ቅርንፉዱም ይቅር። እኛን ጥርሳችንን ሲያመን የሚያደነዝዘን ዘይቱ ነው። ድመት ግን ያንንም ከሰውነቷ ለማስወጣት ትቸገራለች። ነጭ ሽንኩርት ካሰባችሁም እንዲሁ ተዉት፣ ቀይ የደም ሴሎቿን ይሰባብራል። በአጭሩ ለሰው ጥርስ የምናውቀው የቤት መድኃኒት ሁሉ ለነብሮ አይሆንም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ እንምጣ። «ይበላል እኮ!» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያልሰማሁበት የሥራ ቀን ትዝ አይለኝም። ሰው ድመቱን በቅርጫት ተሸክሞ ይመጣል፣ አፏ ከበር ጀምሮ ይሸታል፣ እኔ ድዷን ገልጬ ሳሳየው ይደነግጣል፣ ከዚያ «ግን እኮ ትበላለች!» ይለኛል። አዎ፣ ትበላለች። ረሃብ ከጥርስ ህመም ይበልጣላ። እኛስ ብንሆን መንጋጋችንን ሲያመን ምሳ እንተዋለን? በሌላው በኩል እናኝካለን። ድመትም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ህመሟን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው። አታለቅስም፣ አታነክስም። ቢበዛ ትንሽ ታኮርፋለች፣ ጠጉሯን መላስ ትቀንሳለች፣ ከፍ ያለ ቦታ መዝለል ትተዋለች። እኛ ደግሞ «አርጅታ ነው» እንላለን።

ምግብ እስኪያቆም መጠበቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ድመት፣ በተለይ ወፈር ያለች ከሆነች፣ ለሁለትና ለሦስት ቀን ምንም ካልበላች ጉበቷ በስብ ይሞላል። ያ በራሱ ይገድላል። ስለዚህ ነብሮ አንድ ሙሉ ቀን ምግብ ካልቀመሰ ማክሰኞን አትጠብቂ።

ሳህኑ ላይ «ፍሽሽ» ማለቱን መጻፍሽ ጥሩ አደረግሽ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ ከብዙ ምርመራ በላይ ይነግረናል። ነብሮ ርቦታል፣ ስለዚህ ይሮጣል። ሲነክስ አንድ ቦታ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ጥርሴ ነው ብሎ አያስብም። ሳህኑ የነከሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ሳህኑን ይሳደባል።

ምን ሊሆን ይችላል? ሳላየው መናገር ባልችልም የምጠረጥረውን ልንገርሽ።

ሽታው የድድ በሽታ ይመስለኛል። ጥርስ ላይ በየቀኑ ቀጭን የባክቴሪያ ሽፋን ይሠራል። ገና ለስላሳ ሳለ በጣትሽ ብታሺው ይለቃል። ካልተነሳ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ከምራቅ ማዕድናት ጋር እየተጋገረ ቢጫ ድንጋይ ይሆናል። ታርታር የሚባለው እሱ ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቢው። ድንጋዩ ድዱ ሥር ሲገባ ድዱ ይቀላል፣ ይደማል። እዚህ ላይ ከተደረሰበት ታጥቦ ይድናል። ካለፈ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት መበላት ይጀምራል። የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም።

ፍሽሽታው ግን ሌላ በሽታ ያስጠረጥረኛል። ድመቶች እንደ እኛ ጥርሳቸው በስኳር አይበሰብስም። (በነገራችን ላይ ድመት ጣፋጭ ጣዕም አታውቅም። ጣፋጩን የሚለየው ጂን ድመቶች ላይ የተበላሸ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ታውቋል። ኬክሽን የምትልስ ድመት ቅቤውን ፈልጋ ነው።) በምትኩ የራሳቸው ሰውነት ጥርሳቸውን የሚበላበት ህመም አለ። የጥርስ መሟሟት እንበለው። ከሥሩ አካባቢ ይጀምርና ጥርሱን እየቦረቦረ እስከ ነርቩ ይደርሳል። ለምን እንደሚመጣ ሳይንሱ ገና በእርግጠኝነት አልደረሰበትም። ዕድሜያቸው በገፋ ድመቶች ላይ ግን በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከታች፣ ከክራንቻው ኋላ ባለው የመጀመሪያ ጥርስ ላይ ነው።

ይህን በሽታ ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረችኝ የገዛ ድመቴ ናት። ዳሚት ትባል ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ድመት አፍ ስከፍት እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ዳሚት ሥጋዋን ከአፏ ጎን ጥላ እንደገና ታነሳለች። ቀበጠች ብዬ አለፍኩ። ሦስት ሳምንት አለፍኩ። አንድ እሁድ ጭኔ ላይ ተኝታ ስታዛጋ አንድ ነገር አየሁና ከንፈሯን ገለጥኩ። ድዷ አንዷ ጥርስ ላይ እንደ ሐረግ ወጥቶባታል። በጥጥ ጫፍ ነካ ባደርጋት መንጋጭላዋ ተንቀጠቀጠ። የሌላ ሰው ድመት ብትሆን በአንድ ደቂቃ ውስጥ እለየው ነበር። ጥርሷ ተነቀለ። በሳምንቱ ቁምሳጥን ላይ ወጥታ አገኘኋት። ቁምሳጥን ላይ መውጣት ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። እኔም እንደ ባለቤትሽ «አርጅታ ነው» ብዬ ነበር። ስለዚህ እሱ ላይ ብዙ አትፍረጂ።

ሦስተኛም አለ። የአፉ የኋላ ክፍል፣ ጉሮሮው በር አካባቢ፣ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቶ ካበጠ ከጥርሱ ያለፈ ከባድ የሥጋ መቆጣት (ብግነት) ነው። የሰውነቱ መከላከያ ከመጠን በላይ ሲነሳ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የድመት ጉንፋን ከሚያመጡት ቫይረሶች አንዱ፣ ካሊሲቫይረስ፣ አብሮት ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ሐኪሙ የኋላ ጥርሶቹን በሙሉ ማውጣት ሊመክርሽ ይችላል። ጭካኔ ይመስላል። ግን አብዛኞቹ ድመቶች በዚያ በደንብ ይሻላቸዋል፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ጨርሰው ይድናሉ።

የሽታውን ዓይነትም ልብ በይ። የበሰበሰ ነገር ከሸተተ አፉ ነው። እንደ ሽንት ከሸተተና ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ ግን ኩላሊቱም መታየት አለበት። 9 ዓመት ለድመት የጎልማሳነት ማብቂያ ነው። ከማክሰኞው በፊት ወይም በዚያው ዕለት ጠዋት የደም ምርመራ ይሠራለት የምለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልናገር፣ አንቺን አይመለከትም። አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ያለባት አገር ናት። ያልተከተበች፣ ከቤት ውጭ የምትዞር ድመት በድንገት ለሃጯ ቢዝረበረብ፣ መዋጥ ቢያቅታት፣ ጠባይዋ ቢለወጥ «ጥርሷ ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ እንዳትከቱ። ዝጉባትና ሐኪም ጥሩ። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ከተማው «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለዚህ የታወቀ ነው። የተከተበች ድመት ብትነክሳችሁም ቸል አትበሉ። የድመት ክራንቻ እንደ መርፌ ቀጭን ነው። ቀዳዳው ይዘጋል፣ ባክቴሪያው ግን ውስጥ ይቀራል፣ በማግስቱ እጅ ያብጣል።

ወደ ነብሮ ልመለስ። መርፌው ለምን አላዳነውም? ምናልባት አንቲባዮቲክና ብግነት የሚቀንስ ነገር ነበር። ባክቴሪያው ለጊዜው ይቀንሳል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ድመቱ ይፈካል። ድንጋዩ ግን ጥርሱ ላይ እንዳለ ነው። የሞተው ጥርስም እንዳለ ነው። ምንጩ ካልደረቀ ወለሉን ብትወለውዪ ምን ዋጋ አለው? መርፌ የወጋው ሐኪም አጠፋ አልልም፣ አንዳንዴ ጊዜ መግዛት ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ የተመለሰ ነገር ግን ለሦስተኛ መርፌ አይሰጥም። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በኋላ ዶክሲሳይክሊን የሚባል የአንቲባዮቲክ ኪኒን ከታዘዘለት ደረቁን አታውጪው። የድመት ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። ከኪኒኑ በኋላ ትንሽ ውሃ በስሪንጅ ወይም እርጥብ ምግብ ስጪው።

ሰመመኑን መፍራትሽ ልክ ነው። መፍራት ያለብሽን ያህል ብቻ ግን ፍሪ። ብሪታንያ ውስጥ በብዙ ሺህ ድመቶች ላይ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ከሰመመን ጋር በተያያዘ የሞቱት ጤነኛ ከነበሩት ውስጥ ከ900 አንድ ገደማ ነበሩ። ታመው ከገቡት ግን ከ70 አንድ ገደማ። የእኛ አገር ክሊኒኮች ያላቸው መሣሪያ ይለያያል፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰጂው። በጤነኛና በታመመ መካከል ያለውን ልዩነት ግን ተመልከቺ። ዛሬ በደህና ክብደቱ ቢገባ ይሻለዋል ወይስ ከስድስት ወር በኋላ አጥንቱ ወጥቶ?

ሐኪሙን እነዚህን ጠይቂው። አትፈሪ፣ ጥሩ ሐኪም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። በጉሮሮው የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል? ጥርስ ሲታጠብ ውሃና ቆሻሻ ይረጫል፣ ቱቦው ያ ወደ ሳንባው እንዳይወርድ ይከላከላል። ልቡንና ትንፋሹን ሥራዬ ብሎ የሚከታተል ሁለተኛ ሰው አለ? በምን ይሞቃል? ድመት በሰመመን ቶሎ ትቀዘቅዛለች። ለህመሙ ምን ይሰጠዋል፣ ቤት ከገባ በኋላስ? የጥርስ ራጅ አላችሁ? ይህ የመጨረሻው በሁሉም ቦታ አይገኝም። ግን ጥርሱ ከሥሩ ምን እንደሆነ የሚታየው በራጅ ብቻ ነው፣ ተሰብሮ የቀረ ሥር ደግሞ ያሰቃየዋል። እነሱ ከሌላቸው የት እንዳለ ጠይቂ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ደውሎ መጠየቂያ ነው።

«ያለ ሰመመን፣ ይዘን ብቻ እናጥበዋለን» የሚል ካጋጠመሽ አመስግነሽ ውጪ። ከላይ የሚታየውን ድንጋይ ፍቀው ጥርሱን ነጭ ያደርጉልሻል። ህመሙ ያለው ግን ድዱ ሥር ነው። ነቅቶ፣ እየታመመ፣ በአራት ሰው ተይዞ ድዱ ሥር ብረት የሚያስገባ ድመት አላየሁም። እኔም ብሆን አላስገባም።

ጥርስ ከሌለው ምን ይበላል ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአሁኑ በተሻለ ይበላል። አንድ ትልቅ ድመት 30 ጥርስ አላት፣ እኛ 32። ግን የእኛ መንጋጋ ወፍጮ ነው፣ የእሷ መቀስ ነው። ድመት አታላምጥም። መንጋጭላዋ ወደ ጎን አይሄድም፣ ወደላይና ወደታች ብቻ ነው። ቆርጣ ትውጣለች። የተዘጋጀ ምግብ ሳህን ላይ ለሚቀርብለት ለነብሮ ደግሞ መቁረጡም ያን ያህል አያስፈልገውም። ምላሱን ነክተሽ ታውቂያለሽ አይደል? እንደ ሞረድ የሚሻክር ነው፣ ምግቡን እሱ ያነሳለታል። አንድ ጥርስ የሌላቸው ድመቶች ደረቅ ምግብ ሳይቀር ሲቆረጥሙ አይቻለሁ። «ሲቆረጥሙ» ማለት እንኳ አይቻልም፣ እየዋጡ ነው።

ከነቀላው በኋላ ለአስርና ለአስራ አራት ቀን ለስላሳ ምግብ ነው። የዶሮ ሥጋ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅለሽ ፍጪለት፣ ሾርባውን ጨምሪበት፣ ለብ አድርጊው። ለብ ያለ ምግብ ይሸታል፣ አፉ የታመመ ድመት ደግሞ በአፍንጫው ነው የሚበላው። አጥንት እንዳታስቀሪበት። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ይሰበራል፣ ለጤነኛ ድመትም አይሆንም። ድዱ የሚሰፋበት ክር ብዙ ጊዜ ራሱ ይሟሟል፣ ማስፈታት አያስፈልገውም። በሁለተኛው ቀንም ለሃጩ በትንሽ ደም ቢቀላቀል አትደንግጪ፣ እየጨመረ ከሄደ ግን ደውዪ።

ስለ ሽንኩርት ካነሳሁ አይቀር፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ነብሮ ዘወትር ምን እንደሚበላ አልነገርሽኝም። ወጥ የነካው እንጀራ ከሆነ ለሰው ሁሉ የምለውን ላንቺም ልበል። የእኛ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ቢበስልም ባይበስልም የድመትን ደም ይጎዳል። አንዴ በልቶ ላይታይ ይችላል። በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ሲሆን ግን ደም ማነስ ያመጣል። ጥርስ የሚነቀልለት ድመት ደሙ ያነሰ እንዲሆን አትፈልጊም። ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ለይተሽ፣ ቀቅለሽ፣ ቅመም ሳይነካው ስጪው። ወተትም እንደምናስበው አይደለም። አብዛኞቹ ትልልቅ ድመቶች ሆዳቸውን ያሸብራቸዋል።

ኮልጌቱ። አሁን፣ አፉ ቆስሎ ሳለ፣ በምንም አትጠቢው። የሚያመውን ቦታ በብሩሽ ስትነኪው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚማረው፦ ያንቺ እጅ ያሳምማል። ከዳነ በኋላም በሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም። እኛ ተጉመጥምጠን እንተፋለን፣ እሱ ይውጠዋል። ፍሎራይዱና አረፋ የሚያወጣው ነገር ሆዱ ይገባል። ሚንቱንም ይጠላዋል። ጨውና ቤኪንግ ሶዳ፣ የሚዋጥ ሶዲየም ስለሆኑ፣ አይሆኑም። መፋቂያም እንዳታስቢ፣ እንደ ጨዋታ ቆጥሮ ይነክስልሻል እንጂ አያስፍቅሽም።

ከዳነ በኋላ የቀሩትን ጥርሶች ማጠብ ግን ይቻላል። በ9 ዓመቱ መጀመር ከባድ ነው እንጂ የማይሆን አይደለም። ሚስጥሩ መዘግየት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ብሩሽ የሚባል ነገር አታምጪ። ማታ ተደላድሎ ሲያንኮራፋ ጉንጩን እሺው፣ ቀጥሎ የሚወደውን ቁራሽ ስጪው፣ በቃ። ሲለምድ ጣትሽን የዶሮ ቅቅል ውሃ ውስጥ ነክረሽ ከንፈሩ ሥር አስገብተሽ አውጪ። ከዚያ ጣትሽ ላይ ንጹሕ ፋሻ ጠቅልለሽ ጥርሱን እሺ። ብሩሹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የሕፃን ልጅ፣ ትንሽዬና ለስላሳ የሆነ ይበቃል። አፉን አትክፈቺው! ከንፈሩን ብቻ ገልጠሽ የጥርሶቹን የውጭ ገጽ ነው የምትቦርሺው። የውስጡን ምላሱ ይሠራዋል። የላይኞቹ የኋላ ጥርሶች ላይ በርትተሽ ሥሪ፣ ምራቅ እዚያ ስለሚፈስ ድንጋዩ እዚያ ነው የሚበዛው። በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ደቂቃ። ከተቆጣ አቁሚ፣ ነገም ቀን ነው።

በየቀኑ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሆነ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ጊዜ። በወር አንዴ ግን ልፋት ብቻ ነው፣ ሽፋኑ ድንጋይ የሚሆነው በቀናት ውስጥ መሆኑን ነግሬሻለሁ። የጥርስ ሳሙና የግድ አይደለም፣ ሥራውን የሚሠራው መፈተጉ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ግን ለድመት የተሠራ፣ የዶሮ ወይም የዓሣ ጣዕም ያለው ሳሙና ሻንጣው ጥግ ላይ ያስገባልሽ። የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ VOHC) የሚባል አካል ማኅተም ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ምርቶች እንደሚሉት መሥራታቸውን የቀረቡለትን ሙከራዎች አይቶ ነው ማኅተሙን የሚሰጠው። «ደረቅ ምግብ ጥርስ ያጸዳል» የሚባለውን ግን ብዙ አትመኚበት። ተራው ደረቅ ምግብ ጥርሱ ጫፍ ላይ ይሰበርና ያልፋል። እኛ ብስኩት በልተን ጥርሳችን ጸዳ እንላለን እንዴ?

ግልገል ድመት ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ይህን እያነበባችሁ ከሆነ ከአሁኑ ጀምሩ። የወተት ጥርሶቻቸው 26 ናቸው። ከሦስትና ከአራት ወር ጀምረው ይረግፋሉ፣ በስድስትና በሰባት ወር ቋሚዎቹ ይተካሉ። ብዙውን ጊዜ ይውጧቸዋል፣ ምንጣፍ ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ጥርስ በሚቀይሩበት ሰሞን ድዳቸው ስለሚያም ብሩሹን ተዉት። ከንፈራቸውን መግለጡን ብቻ አስለምዷቸው። ዳሚት ላይ ይህን ብሠራ ኖሮ ያቺን ጥርስ ሦስት ሳምንት አልዘገይባትም ነበር።

ያልጠየቅሽኝ ግን በመስመሮችሽ መካከል ያነበብኩት አንድ ነገር አለ። «ሰው ጥርሱን ሳያሳክም ለድመት…» የሚል ሰው አጠገብሽ ያለ ይመስለኛል። ጎረቤት ይሁን ባለቤትሽ አላውቅም። ወጪው ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ። ሐኪሙን ከወዲሁ ዋጋውን በዝርዝር ጠይቂው፣ የደም ምርመራው፣ ሰመመኑ፣ ነቀላው፣ መድኃኒቱ ለየብቻ። ከበዛብሽ ደግሞ በግልጽ ንገሪው። በጣም የሚያመውን ጥርስ አስቀድሞ ማውጣትና ሌላውን ማቆየት አንዳንዴ ይቻላል። በየወሩ መርፌ ስታስወጊ የምታወጪውን ደምረሽ ለባለቤትሽ አሳዪው፣ ምናልባት ከእኔ በላይ እሱ ያሳምነዋል። ካልሆነም ነብሮ ሲበላ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይይ። መብላቱን ሳይሆን እንዴት እንደሚበላ።

ሰኞ ማታ ሐኪሙ በነገረሽ ሰዓት ሳህኑን አንሺ። ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምግብ አይሰጥም፣ ውሃው ግን እስከ ጠዋት ይቆይ። ሆዱ ሞልቶ ሰመመን ከወሰደ ያስመልሰዋል፣ ያ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለአማትሽም ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው። ሌሊት ሲያለቅስ አንጀታቸው እንዳይችል ፈርቼ ነው። በድብቅ አንዲት ቁራሽ ጣል ካደረጉለት ቀጠሮው ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል።